ያላየሁት የኩር ወንዝ መጋጠሚያ

ባለፈው መስከረም ከጋሽ ሰይድ ጋር ወደ ፈረንሳይ የሄድነው አንድ የብስክሌት መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመጨረስ ነበር። ሌላ ዓላማ አልነበረንም። ፓሪስን እንኳ ያየናት ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ባቡር ጣቢያው ባለው መንገድ ብቻ ነው።

ጋሽ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት። ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ዋሽንግተን መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተው አምና ጡረታ ወጡ። አሁን ላንድማርክ በሚባል ሰፈር ከልጃቸው ከሐያት ጋር ይኖራሉ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ለማኅበረሰባችን ጋዜጣ ዜና ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል። ያገናኘን የቅዳሜ ብስክሌት ነው። እሳቸው ታኮማ ፓርክ ይኖሩ በነበረበት ዘመን ቅዳሜ ጠዋት ስላይጎ የተባለውን ጅረት ተከትለን ወደ ዊተን አቅጣጫ አብረን እንነዳ ነበር።

በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ጋሽ ሰይድ አንድም ቀን መንገዱን ጨርሰው አያውቁም። አንዲት ድልድይ ጋ ሲደርሱ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ «በል እንግዲህ፣ ሺፍቴ ደረሰ» ይሉና ይመለሳሉ። የከሰዓት ሥራ አለባቸው። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ቀኝ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሐኪሙ ለጥቅምት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያዘላቸው። ጉልበቱ ከተቀየረ በኋላ ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ይነዱ እንደሆነ እንጂ ተራራና ጫካ እንደማይፈቀድላቸው ነገራቸው። እስከዚያው ግን ሕመሙን በቻሉት መጠን መንዳት ይችላሉ።

«አንድ መንገድ ልጨርስ» አሉኝ። «አንድ ብቻ። ከዚያ እንደፈለጉ ይቁረጡት።»

«ታዲያ ስላይጎን ለምን አንጨርሰውም?»

«መጨረሻው ፓርኪንግ ነው። ፓርኪንግ ደግሞ አይቼ ጠግቤያለሁ።»

የፈረንሳዩን መንገድ ያገኙት በስልካቸው ነው። በመኪና ማቆሚያው ዳስ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ የብስክሌት ቪዲዮ ያዩ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ሞርቫን ከሚባለው ተራራማ አገር ተነሥቶ፣ ኩር የሚባል ወንዝ ተከትሎ በጫካና በሸለቆ ሲወርድ ደጋግመው ተመልክተውታል። ሰውየው ጉዞውን የሚጨርሰው ኩር ዮን ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ነው። ያንን መጨረሻ ግን አላዩትም። እዚያ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ መኪና ይመጣባቸው ነበር።

ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰችን ሐያት ናት። ነርስ ናት፤ ንግግሯ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። አባቷ ሻንጣ ሲያወርዱ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ፕሊስ አባዬን ፑሽ እንዳታደርገው። ቢያመው አይናገርም እኮ፤ ዩ ኖው ሂም» አለችኝ።

«ሰማሁሽ» አሉ ጋሽ ሰይድ ከመኪናው ኋላ።

ከፓሪስ ወደ አቫሎን

ከፓሪስ ወደ አቫሎን የሚወስደው ባቡር ንጹሕና ዝግ ያለ ነው። ከተማው ካለቀ በኋላ የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ ከዚያ ወንዝ፣ ከዚያ የወይን ተክል ያለበት ኮረብታ ይከተላል። ካርታውን ስመለከት ሐዲዱ ክራቫን በምትባል ከተማ አጠገብ እንደሚያልፍ አየሁ። የሁለቱ ወንዞች መጋጠሚያ እዚያ ነው። ጉዟችን የሚያልቅበትን ቦታ ሳንጀምር በመስኮት ልናየው ነው ብዬ ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው።

«ስንቃረብ ንገረኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ወዲያው ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉና ፊታቸውን ወደ መተላለፊያው አዞሩ።

«ምነው?»

«ነድቼ ሳልደርስበት አላየውም። በባቡር ያዩት አይቆጠርም።»

እኔም ስላፈርኩ አላየሁም። ባቡሩ ጣቢያውን ለቅቆ ሲሄድ «አለፈ?» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ።

አቫሎን ላይ ለአንድ የተራራ ብስክሌት በቀን ሠላሳ አምስት ዩሮ ከፍለን ተከራየን። ባለሱቁ ፍሬኑንና ማርሹን ፊታችን ሞከረ፤ የጋሽ ሰይድን መቀመጫ ጉልበታቸው ብዙ እንዳይታጠፍ ከፍ አደረገላቸው። ክራቫን ስንደርስ ደውለንለት ብስክሌቶቹን ሊወስድ ተስማማን። ከዚያ በጭነት መኪናው ወንዙ እስከተገደበበት ሐይቅ ድረስ አወጣን።

የመጀመሪያው ቀን፦ ጫካው

ኩር ከግድቡ ሥር ሲወጣ ከስላይጎ አይበልጥም።

«ይቺ ናት?» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ውቅያኖስ ተሻግረን የመጣነው ለዚች ነው?»

ግድቡ አጠገብ የቆመው ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። በድሮ ዘመን የፓሪስ ሰው የሚያነደው ማገዶ ከዚህ ጫካ ተቆርጦ ወንዙ ላይ ይጣል ነበር። እንጨቱ በዚች ውሃ ተንሳፍፎ፣ መጋጠሚያውን አልፎ፣ እስከ ዋና ከተማው ይወርድ ነበር።

«እንጨቱ ፓሪስ ከደረሰ እኔ ከመጋጠሚያው የማልደርስበት ምክንያት የለም» ብለው ፔዳሉን ረገጡ።

መንገዱ ወዲያው ጫካ ገባ። በመጀመሪያ ለፈረንጅ ገና የሚሸጡ ትናንሽ ጥዶች በመስመር ተተክለው አየን። ከዚያ ግንዳቸው ግራጫና ለስላሳ የሆነ፣ ቅጠላቸው ገና ቢጫ መሆን የጀመረ ትልልቅ ዛፎች መጡ። መሬቱ እርጥብ ነው። ቤት የሚያህሉ ድንጋዮች አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ለብሰው መንገዱ ላይ ገብተዋል፤ አንዳንዱን ለማለፍ ወርዶ ብስክሌቱን መሸከም ያስፈልጋል። ጋሽ ሰይድ ዳገቱን በቀላል ማርሽ፣ ሳይቸኩሉ፣ በአፍንጫቸው እየተነፈሱ ይወጡታል። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ታላቅን ቀድሞ መንዳት አልለመድኩም።

የቀትሩ የዙህር ሶላት ሲደርስ በጅረት ውሃ ተጣጥበው ዉዱእ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰገዱ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል። ውሻ ይዛ የምትሄድ አንዲት ሴት በዚያ በኩል ስታልፍ የተጋደመ ብስክሌትና አጠገቡ አንገቱን የደፋ ሽማግሌ አየች። ደንግጣ ወደሳቸው ስትሮጥ አስቆምኳት።

«ደህና ናቸው። እየሰገዱ ነው።»

ውሻውን ይዛ ቆመች። ሲጨርሱ ከቦርሳዋ አንድ ፖም አውጥታ ሰጠቻቸው።

ያደርነው ክሌር የምትባል ሴት ቤት ነው። በሁለት ክፍሏ መንገደኛ ታሳድራለች። ሥጋ እንደማንበላ አስቀድመን ጽፈንላት ስለነበር ካሮት የበዛበት ምስር ወጥ የሚመስል ነገር ሠርታ፣ እንቁላልና ዳቦ ጨምራ ጠበቀችን። ጋሽ ሰይድ ሳህናቸውን ጠረጉት። ክሌር ድስቱን አንሥታ ልጨምርልዎ ወይ ስትላቸው እጃቸውን በሳህኑ ላይ ዘረጉ።

«ኖ፣ ኖ፣ ሜርሲ።»

ድስቱን ይዛ ኩሽና ገባች። ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ወሰደችው?» አሉኝ በአማርኛ፣ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ።

«ወሰደችው።»

«አንዴ ብቻ ነው እንዴ የምትጠይቀው?»

«እዚህ አገር አንዴ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ! ምስሩ እኮ ግሩም ነበር።»

ሁለተኛው ቀን፦ ቁልቁለቱ

ማለዳ ጉም ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ነጫጭ ላሞች የተኙበት መስክ ታየ፤ ከመስኩ በታች ወንዙ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይጮኻል። የዚያን ቀን መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። በአንድ ሰው ልክ የተሠራ ጠባብ መንገድ፣ በግራ ገደል፣ በቀኝ የዛፍ ሥር። ጋሽ ሰይድ ከመቀመጫው ብድግ ብለው፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርገው፣ ፍሬኑን በሁለት ጣት ብቻ እየነኩ ወረዱ። እንደዚያ ሲነዱ አይቻቸው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያየሁት ሰዓቱን የሚቆጥብ ሰው ነበር።

እኔ ግን እርጥብ ሥር ላይ ጎማዬ ተንሸራተተና በጎኔ ወደቅሁ። ክርኔ ተላጠ፣ ወገቤም ትንሽ አመመኝ። ጋሽ ሰይድ ብስክሌታቸውን ጥለው ዳገቱን በእግራቸው ተመልሰው መጡ።

«ተነሥ አንተ ጋዜጠኛ! ዜና ጻፍ ተብለህ መጥተህ ራስህ ዜና ትሆናለህ?»

ለጉልበታቸው ባመጡት ቅባት ወገቤን አሹልኝ። «ለኔ የመጣ መድኃኒት ላንተ ሆነ» እያሉ ሳቁ። ከዚያ በኋላ «ከኋላህ ካልነዳሁ» ብለው ተከራከሩኝ። እምቢ አልኩ። እንደተለመደው ቀደሙኝ፤ ግን በየመታጠፊያው እየቆሙ ይጠብቁኛል። ለራሳቸው እያረፉ ነው ብዬ አሰብኩ።

ወደ ማታ ፒየር ፔርቱዊ ደረስን። መንደሯ ገደል ላይ ናት፤ ከገደሉ ሥር አንድ አለት በተፈጥሮው እንደ በር ተበስቶ ቆሟል። ያደርንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የዱባ ሾርባ አቀረበች። ልትጨምር ጭልፋውን ከማንሣቷ ጋሽ ሰይድ «ዊ!» ብለው ሳህናቸውን ዘረጉ።

«ሁለተኛ አልሞኝም» አሉኝ። «እነዚህ ሰዎች ደግ ናቸው፤ እውነቱን ከነገርካቸው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ስለ ፈረንሳዮች የተነገረ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን፦ አርሲ

ከፒየር ፔርቱዊ በታች አገሩ ይለወጣል። ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ ነጭ ድንጋይ ይጀምራል፤ ሸለቆው ይሰፋል፤ ወንዙም ድምፁን ያጠፋል። በግራ በኩል ቬዝሌ የምትባለው ከተማ ከነትልቅ ቤተ ክርስቲያኗ ኮረብታ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ተከተለችን። ከቀትር በኋላ ዋሻ ያለበትን ገደል ዞረን የደረስንበትን መንደር ስም ሰሌዳው ላይ አነበብኩላቸው፦ አርሲ።

«አርሲ ገባን!» ብለው ጮኹ። «ከኮምቦልቻ አርሲ በፈረንሳይ በኩል! ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይላል?»

የቀረን ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነበር። ድልድዩ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀመጥን። ጋሽ ሰይድ ወደ ውሃው የሚያወርደውን ደረጃ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ በአንድ ወረዱ። ዉዱእ አደረጉ፤ የዝናብ ልብሳቸውን አንጥፈው ሰገዱ። ተመልሰው መጥተው ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡና ሁለተኛ ሻይ አዘዙ። ሻዩ አለቀ፤ አልተነሡም።

«ትንሽ እንቀመጥ» አሉ።

ሐያት ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ቢያመው አይናገርም። በእኛ ወግ ደግሞ ታላቅን ሰው «ደክመዋል» አይሉትም። ታናሹ «እኔ ደከመኝ» ይላል፤ ታላቁ በዚያ ሰበብ ያርፋል፤ ክብሩም አይነካም። ሁላችንም ሲደረግ አይተን፣ አድርገንም ያደግንበት ነገር ነው። ወገቤን ያዝኩና እንዲህ አልኩ፦

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ደክሞኛል። ከዚህ በባቡር ብንሄድስ?»

ብርጭቋቸውን አዞሩት። ወንዙን አዩ።

«በጣም ነው የደከመህ?»

«በጣም።»

«ነገ ጠዋት ብንጨርሰውስ?»

«ነገ አውሮፕላን አለን።»

«እሱስ አለ።» ብርጭቋቸውን ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፉት። «እንግዲያው ጤና ይቀድማል። ይቅር።»

ለባለሱቁ ደወልኩ፤ ብስክሌቶቹን አርሲ መጥቶ ወሰደ። ጋሽ ሰይድ የእሳቸውን ሲያስረክቡ መሪውን በእጃቸው መዳፍ መታ መታ አደረጉት። ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ።

የፓሪሱ ባቡር ጥቂት ጣቢያ ሄዶ ክራቫን ሊደርስ ሲል ቀና ብዬ አየኋቸው። ባርኔጣቸው ዓይናቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው ወደ መተላለፊያው ዞሯል። እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ እንዳልረብሻቸው ዝም አልኩ። እኔም መልእክት እያነበብኩ ስለነበር ወደ ውጭ አላየሁም።

መመለሻ

ደለስ ሐያት ጠበቀችን። አባቷን አቀፈች፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ ክንዴን ያዘች።

«ጋሼ፣ አር ዩ ኦኬ? ወገብህ ተሻለህ?»

«ደህና ነኝ። ምነው?»

«አባዬ ከፓሪስ ኮል አድርጎኝ በጣም ዎሪ አድርጎ ነበር። ልጁ ከወደቀ ጀምሮ ደክሟል፣ እያረፍኩ እየጠበቅሁት ነው የመጣሁት አለ። የሱ ጉልበት ግን ቶታሊ ፋይን ነበር፣ መሬት ላይ ሱጁድ አደረግሁ ብሎኝ እኔ ራሴ ማመን አቃተኝ!»

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ «ልጁ» እኔ ነኝ።

«ተይ አንቺ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሐያት መጀመሪያ እኔን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለማድረስ ቤልትዌይ የሚባለው የቀለበት መንገድ ገባች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አርሲን መልሼ አየሁ። የዝናብ ልብሱን። ግንባራቸው መሬት ሲነካ። በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሰገዱ ሰው በሦስተኛው ቀን ጉልበታቸውን አጥፈው ሲሰግዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ማስታወሻዬ ላይ «አርሲ፣ ሰገዱ» የሚል አለ። ሥራዬ ሰው ምን እንደሆነ ራሱን ሰውየውን መጠየቅ ነው። ባለሥልጣን ስጠይቅ አፍሬ አላውቅም።

«ጋሽ ሰይድ» አልኩ፣ «እኔ እኮ አልደከመኝም ነበር። እርስዎ የደከሙ መስሎኝ ነው።»

አልዞሩም። መኪናው የፖቶማክን ድልድይ አለፈ፤ መውጫ አለፈ፤ ሌላ መውጫ አለፈ።

«ታዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማን ነበር የደከመው?»

ሐያት በመስታወቱ አየችኝ። ቤቴ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ወርደው ሻንጣዬን ራሳቸው አወረዱልኝ፤ ልቀበላቸው ብል እጄን ገፍተው «ወገብህን» አሉኝ። ቀልዳቸው ነው። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ለመሄድ ለምታስቡ

ይህን መንገድ መሄድ ለሚፈልግ አንባቢ የማውቀውን ልንገር። መስከረም ጥሩ ወር ነው፤ ጫካው እርጥብ ቢሆንም ብርዱ አይከብድም። የመጀመሪያው ቀን ዳገቱ፣ ሁለተኛው ቀን የዛፍ ሥሩ ያስቸግራል። ከአርሲ እስከ ክራቫን ያለው የመጨረሻው ክፍል ከሁሉም የቀለለው ነው፤ አቫሎን ያለው ባለሱቅ በኋላ እንደነገረኝ ሕፃናት ይዘው የሚሄዱበት ለጥ ያለ መንገድ ነው። ሁለቱ ወንዞች እንዴት እንደሚገጥሙ፣ ውሃቸው ቀለሙ አንድ ይሁን ሁለት፣ ዳሩ ላይ መቀመጫ ይኑር አይኑር ልጽፍ አልችልም። አላየሁትም።

የጋሽ ሰይድ ጉልበት በቀጠሮው ቀን ተቀየረ። ባለፈው እሑድ ላንድማርክ ሄጄ ጠየቅኋቸው። የታዘዘላቸው ልምምድ በመራመጃ ተደግፈው የሕንፃውን ኮሪደር ከቤታቸው በር እስከ ሊፍቱ ሄደው መመለስ ነው። ሐያት ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ አብሬያቸው ወጣሁ። ጎን ለጎን ሄድን፤ ለአንዴም ከኋላቸው አልሆንኩም። ከመንገዱ እኩሌታ በላይ ስንደርስ ቆሙ። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ያዙ።

ልማዴ አፌ ላይ መጣ፤ እኔ ትንሽ ደከመኝ ልል ነበር። ዋጥኩትና ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ደክሞዎታል?»

አዩኝ። ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባቸውም።

«አዎ» አሉ፣ «ደክሞኛል።»

እዚያው ዞርን። ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ጥቂት በር ቀርቶን ነበር።